እናታችን የሳንባ ካንሰር ሕክምና ሊጀምሩ ነው፤ ምክራችሁን እንሻለን

ከደሴ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ያመጣናቸው እናታችን፣ ለወራት በሳል ሲሠቃዩ ቆይተው የቲቢ መድኃኒትም ወስደው ስላልተሻላቸው፣ በተደረገላቸው የናሙና ምርመራ ሕመማቸው የሳንባ ካንሰር፣ ዓይነቱም አዴኖካርሲኖማ መሆኑ ተረጋግጧል። ሲጋራ አጭሰው አያውቁም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ግን በማገዶ ጭስ ውስጥ እንጀራ ሲጋግሩ ኖረዋል። በሽታው ወደ ሌላኛው ሳንባ በመሠራጨቱ በየሦስት ሳምንቱ የሚሰጥ የካርቦፕላቲንና የፓክሊታክሰል ኬሞቴራፒ ታዞላቸዋል።

አንደኛው ጥያቄዬ ስለ ኢ.ጂ.ኤፍ.አር ምርመራ፣ ማለትም ካንሰሩ በዚህ ስም የሚጠራ ዘረመል ላይ ለውጥ እንዳለው ከናሙናው ስለሚያጣራው ምርመራ ነው። ይህ የዘረመል ለውጥ በማያጨሱ ሕሙማን ላይ በብዛት እንደሚገኝና ከተገኘም በክኒን መታከም እንደሚቻል ሐኪሙ አስረድተውናል። ምርመራውን ያሠራችሁ፣ የተረፈው ናሙና በቅቷችሁ እንደሆነና ውጤቱ እስኪመጣ ኬሞቴራፒውን አቆይታችሁ እንደሆነ ብትነግሩን ከሐኪሙ ጋር ለመመካከር ይረዳናል።

ከዚህ ይልቅ የጨነቀኝ ግን ሌላው ነው። ታላላቅ ዘመዶቻችን «ስሙን ከሰሙ ተስፋ ይቆርጣሉ» ብለው ሕመሙን እንዳንነግራቸው አስጠንቅቀውናል፤ እርሳቸው ደግሞ በየቀኑ «ሳንባዬን ምን አሉት?» እያሉ ይጠይቁኛል። ፀጉራቸው ሲረግፍ ምን ልንላቸው ነው? ኬሞቴራፒውን ከጀመሩ በኋላ ትኩሳታቸው ከ38 ዲግሪ ካለፈ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ እንዳለባቸው በጥብቅ ተነግሮናል፤ የሚወስዱትን መድኃኒት የማያውቅ ሰው ይህን እንዴት ይጠነቀቃል? እኔ መንገር አለብን ባይ ነኝ። ለወላጆቻችሁ የነገራችሁ፣ በሐኪም በኩል ይሁን በንስሐ አባት ወይም በራሳችሁ፣ ንግግሩን እንዴት እንደጀመራችሁትና ዘመድን እንዴት እንዳሳመናችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ።