ከደጀን ወደ ዓባይ ቁልቁል የፊት ፍሬን ለምን ይለሰልሳል?

ሰላም፣ የሞተር ሳይክል ነገር የገባችሁ እርዱኝ። ሞተሩ 150 ሲሲ ነው፤ ፊቱ ዲስክ፣ ኋላው ታምቡር። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወርድ፣ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የፊት ፍሬኑ እጀታ እየለሰለሰ መጥቶ የመሪው መያዣ ላይ ይለጠፋል። መያዝ የለም። ድልድዩ ጋ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ሲቀዘቅዝ ግን ምንም እንዳልነካው ሆኖ ይመለሳል።

የፍሬን ሸራው ገና 3 ሚሊ ሜትር አለው፣ የሚያፈስ ነገር የለም፣ ከፍሬን መስመሩ አየሩም ወጥቷል። የፍሬን ዘይቱ ግን ከተቀየረ 2 ዓመት አልፎታል፤ ቡና መስሏል። ዶት 3 (የዘይቱ ዓይነት) አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ይችላል፣ ውኃ ሲጠጣ ግን ወደ 140 ስለሚወርድ ፈልቶ እንፋሎት እየሠራ ይመስለኛል። ሌላው ጥርጣሬ ሸራውን የሚገፋው የፍሬን ፒስተን ተጣብቆ እንዳይሆን ነው፦ የፊት ጎማውን አንስቼ በእጅ ሳሽከረክረው ግማሽ ዙር ሄዶ ሸራው ዲስኩን እየፋቀ ይቆማል።

በየትኛው ልጀምር? ዶት 4 ባደርግበት የፍሬኑን የውስጥ ጎማዎች (ማሸጊያዎቹን) ይጎዳል? (ዶት 5 እንደማይቀላቀል አውቃለሁ።)

አነዳዱም ላይ ምክር እፈልጋለሁ። እስካሁን 3ኛ ማርሽ ላይ ሆኖ ፍሬኑን ሳይለቁ ቀስ እያሉ መያዝ ነበር፤ ጥፋቱ እዚህም ሳይሆን አይቀርም። ሰው ከኋላ ተጭኖ ከሆነ ከላይ ጀምሮ 2ኛ ይበቃል ወይስ ጠመዝማዛው ላይ 1ኛ? ጠጠር ያለበት ኩርባ ላይስ ፊቱን ከመታጠፍ በፊት ጨርሶ መልቀቅ ነው? ቤንዚን ለመቆጠብ በፎሌ (ማርሽ ሳይገባ) ውረድ የምትሉ ካላችሁ፣ ይቅርብኝ።