ሬሳ የሌለበት ልቅሶ እንዴት ይሠራል?

ጤና ይስጥልኝ። ቲያትር የምታውቁ፣ እስቲ አንድ ሐሳብ ወዲህ በሉኝ።

ከአማተር ቡድናችን ጋር የሼክስፒርን ኮሜዲ «ማች አዱ አባውት ናቲንግ» እያዘጋጀን ነው። ታሪኩን ከሲሲሊዋ መሲና አንስቼ አዲስ አበባ፣ 1944 ዓ.ም. ላይ አስቀመጥኩት። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ከኮሪያ የተመለሰበት ጊዜ ነው። ድርሰቱም የሚጀምረው ወታደሮች ድል አድርገው ሲመለሱ ስለሆነ ልክክ አለልኝ። አለቃው ዶን ፔድሮ ለወጣቱ መኮንን ለክላውዲዮ ብሎ ሂሮ የምትባለውን ልጅ መጠየቁም እኛ ዘንድ ሽማግሌነት ነው፤ ማንም አይገረምም። ሞኞቹን የሌሊት ጠባቂዎች የአራዳ ዘበኛ አደረግኳቸው። ረጅም ካፖርት፣ ቆመጥ፣ ፊሽካ። ገና ሲገቡ ሳቅ ነው።

የተቸገርኩት ሂሮ ሞተች የሚባልበት ቦታ ላይ ነው። ክላውዲዮ በሐሰት ወሬ ሠርጓ ላይ ያዋርዳታል፣ ራሷን ትስታለች፣ ቄሱም እውነቱ እስኪወጣ ሞታለች ተብሎ ይወራ ይላሉ። የነፍስ አባት ይህን ቢመክሩ ያስኬዳል እንበል። ግን አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ሞቶ ዝም ይባላል እንዴ? ጎረቤቱ ግር ብሎ ይመጣል፣ ድንኳን ይተከላል። አስከሬኑስ የታለ? ተመልካቹ ይህን ሳይጠይቅ አይቀርም። ክላውዲዮ መቃብሯ ላይ የሚያዝንበትን ትዕይንት ደግሞ ማውጣት አልፈልግም፤ ያለሱ መጨረሻ ላይ የሚደረግለት ይቅርታ በጣም ይረክሳል።

«አገር ቤት ወስደው ቀበሯት» ልበል? ወይስ ድንኳኑን ተክዬ የውሸት ልቅሶውን ራሱን ላሳቅበት? የሂሮ የአጎት ልጅ ቢያትሪስ ግን የሚወዳትን ቤኔዲክን ክላውዲዮን ግደልልኝ የምትለው ልክ ከውርደቱ በኋላ ነው። ሳቁ የእሷን ንዴት እንዳያበላሽብኝ ሰጋሁ።

እናንተ ብትሆኑ የቱን ትመርጣላችሁ?