ልጄን ሁለት የእግር ኳስ ክለቦች ፈልገዋታል፤ ኮሌጅን እያሰብን የቱን እንያዝ?

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጅ እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ነገር ያለፋችሁ ወላጆች ብትረዱኝ፤ እስከ እሑድ ማታ ቁርጡን ማሳወቅ አለብን።

ልጄ ስምንተኛ ክፍልን እየጨረሰች ነው፤ የተወለደችው ኦክቶበር 2011 ነው። የመሃል ተከላካይ ናት። ዘንድሮ ሁለት ክለቦች ሙከራ ገብታ ሁለቱም ተቀበሏት። አንደኛው ቨርጂኒያ ያለ፣ በኢሲኤንኤል (በአሜሪካ ከከፍተኛዎቹ የወጣቶች ሊጎች በአንዱ) የሚጫወት ትልቅ ክለብ ነው። አሠልጣኙ «እንፈልጋታለን፤ በመጀመሪያው ዓመት ግን ብዙ ላትሰለፍ ትችላለች» ብሎ በግልጽ ነግሮናል። የዓመቱ ክፍያ 3,800 ዶላር ነው፤ ጉዞና ሆቴል ለብቻ። ልምምዱ በሳምንት አራት ቀን ሲሆን፣ በሥራ መውጫ ሰዓት በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መካከል ወንዙ ላይ ያለውን የአሜሪካን ሌጅን ድልድይ ተሻግሮ መድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሁለተኛው ከቤታችን 15 ደቂቃ ነው። የሚጫወተው አንድ ደረጃ ዝቅ ባለው የኢሲኤንኤል ክልላዊ ሊግ ነው፤ ክፍያው 2,600 ዶላር። አሠልጣኟ ልጄን ከወዲሁ በቋሚ ተሰላፊነት አስባታለች።

ባለቤቴ «ኮሌጅ የሚያስገባት ትልቁ ነው፤ ተበድረንም ቢሆን እንክፈል» ይላል። እኔ ማታ ማታ ነው የምሠራው፤ ልጅቷ መኪና ውስጥ እራቷን እየበላች የቤት ሥራዋን ስትሠራ ከአሁኑ ይታየኛል። እሷን ስጠይቃት «እማዬ፣ እናንተ የወደዳችሁት ይሁን» ትለኛለች። ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ይኼ መልሷ ነው። የኮሌጅ አሠልጣኞች የሚያዩት የክለቡን ስም ነው? ስኮላርሺፕስ እውነት ይገኛል?

መልስ፦ አባት ከአሌክሳንድሪያ

እህቴ፣ ጭንቀትሽ ይገባኛል፤ እኛም ቤት ይኼ ክርክር ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ነስቶን ነበር። ልጄ ዛሬ የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ ዲቪዚዮን 3 ትጫወታለች፤ ከኮሌጅ ስፖርት ሦስት ደረጃዎች ላይኛው ዲቪዚዮን 1፣ ታችኛው ዲቪዚዮን 3 ነው።

ከስኮላርሺፑ ልጀምር፤ ባለቤትሽ ሊበደር የተነሣው በእሱ ተስፋ ስለሆነ። ለብዙ ዓመታት አንድ የዲቪዚዮን 1 የሴቶች ቡድን ሊሰጥ የሚችለው የ14 ሙሉ ስኮላርሺፕ ያህል ገንዘብ ብቻ ነበር። አሠልጣኙ ያንን ለሃያና ከዚያ በላይ ልጆች ይሸነሽነዋል፤ አንዷ ግማሽ፣ ሌላዋ ሩብ፣ ሌላዋ የመጽሐፍ ብቻ ታገኛለች። በ2025 የጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት ያንን ጣሪያ አነሣ፤ በምትኩ ስምምነቱን በተቀበሉ ትምህርት ቤቶች የተጫዋቾቹ ቁጥር ከ28 እንዳይበልጥ ገደበ። አሁን ትምህርት ቤቱ ከፈለገ ለሁሉም መክፈል ይችላል፤ ብዙዎቹ ግን ለዚያ የሚሆን ገንዘብ የላቸውም፤ ቀድሞ ያለ ስኮላርሺፕ ቡድን ውስጥ ይያዙ የነበሩ ልጆችም ቦታቸው ጠቧል። ዲቪዚዮን 3 ውስጥ የስፖርት ስኮላርሺፕ የሚባል ነገር የለም። እነ ሃርቫርድና ፕሪንስተን ያሉበት አይቪ ሊግም ለስፖርት ብሎ አይከፍልም።

ገንዘቡ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ልጄ በኳስ አንድ ዶላር አላገኘችም። በትምህርት ውጤቷና በገቢያችን ምክንያት ግን ኮሌጁ ከዋጋው ከግማሽ በላይ ቀነሰላት። የኳሱ ጥቅም በሩን ማንኳኳቱ ነበር፤ አሥራ አንደኛ ክፍል ስትጨርስ የኮሌጁ አሠልጣኝ ትራንስክሪፕቷን (የውጤት ወረቀቷን) ለቅበላ ቢሮው ሰጥታ አስቀድመው እንዲያዩላት አደረገች። ውጤቷ ደካማ ቢሆን ኖሮ የቱም ክለብ አያድናትም ነበር። እዚሁ ባልቲሞር ያለው የጆንስ ሆፕኪንስ የሴቶች ቡድን በ2022 የዲቪዚዮን 3 ሻምፒዮን ነበር፤ ዲቪዚዮን 3 ሲባል ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ።

ስለዚህ እባካችሁ ለክለብ ብላችሁ አትበደሩ።

መልስ፦ የወጣቶች አሠልጣኝ፣ ሮክቪል

ሴት ልጆችን 11 ዓመት አሠልጥኛለሁ። የእናትየውን ጥያቄ ሳነብ ማንም ያላነሣቸው ሁለት ነገሮች ታዩኝ።

የመጀመሪያው የልደት ወሯ ነው። እስከ ዛሬ ቡድን የሚከፈለው በተወለዱበት ዓመት ስለነበር ልጅሽ የምትጫወተው ከ2011 ልጆች ጋር ነው፤ አብዛኞቹ በክፍል አንድ ዓመት ይቀድሟታል። ባለፈው ፎል (ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ግድም) እነሱ ለሃይስኩል ሲጫወቱ እሷ ቡድን አጥታ ቤት ሳትቀመጥ አልቀረችም። ከ2026 ፎል ጀምሮ ግን ኢሲኤንኤልን ጨምሮ አብዛኞቹ ሊጎች ዕድሜን ከኦገስት 1 እስከ ጁላይ 31 ይቆጥራሉ። ልጅሽ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ትሆናለች፤ በዕድሜም ከቡድኑ ትልልቆቹ አንዷ ናት ማለት ነው። ለመሃል ተከላካይ ይኼ ቀላል ለውጥ አይደለም። ትልቁ ክለብ «ብዙ አትሰለፍም» ያለው የትኛውን ቡድን እያሰበ እንደሆነ ጠይቂው።

ሁለተኛው የወንዙ ጉዳይ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ የሃይስኩል እግር ኳስ የሚካሄደው በፎል ነው፤ ቨርጂኒያ ውስጥ በስፕሪንግ (ከማርች እስከ ሜይ ግድም)። የቨርጂኒያ ክለብ ለሃይስኩል ጨዋታ ብሎ የሚሰጠውን እረፍት ለራሱ ልጆች በሚመች ጊዜ ሊያደርገው ይችላል፤ ያን ጊዜ ልጅሽ በፎል ለትምህርት ቤቷም ለክለቡም ስትሮጥ በአንድ ሳምንት ሦስት አራት ጨዋታ ይደራረብባታል። ወይ ደግሞ የትምህርት ቤቷን ትተዋለች። እኔ በዚህ ድካም የጉልበት ጅማቷ የተበጠሰ ልጅ በእጄ ይዣለሁ፤ አሁንም ሳስታውስ ያመኛል።

ክለቡን ስትጠይቂ «ስንት ልጅ ኮሌጅ አስገባችሁ» ብለሽ ብቻ አትለፊ። ዝርዝሩን ሁሉም ክለብ ድረ ገጹ ላይ ለጥፎታል። «ከእነዚህ ውስጥ በ14 ዓመቷ መጥታ እስከ መጨረሻ እዚህ የቆየች ስንት አለች?» በይ። አንዳንዱ ክለብ የሚቆጥረው ሌላ ቦታ ያደገችና በ16 ዓመቷ የመጣች ልጅን ነው። በልጅሽ ቦታ ስንት ልጅ እንዳለም ጠይቂ። አምስት የመሃል ተከላካይ ያለው ቡድን አራተኛዋንና አምስተኛዋን የሚይዘው ለልምምድ ማሟያና ለክፍያው ነው። እንዲህ በማለቴ የሚከፉ የሙያ ጓደኞች ይኖራሉ፤ እውነቱ ግን ይኼ ነው።

መልስ፦ የሁለት ሴቶች እናት፣ ፌርፋክስ

ከላይ የተባለውን አከብራለሁ፤ ሊጉ ምንም አይደለም እንዳይባል ግን እፈራለሁ። ትልቋ ልጄ ዲቪዚዮን 1 የገባችው በኢሲኤንኤል ነው። በሊጉ ትልልቅ መድረኮች ላይ በአንድ ሜዳ ዳር በርካታ የኮሌጅ አሠልጣኞች ወንበራቸውን ዘርግተው ሲጽፉ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ አሠልጣኝ የጉዞ በጀቱ ትንሽ ነው፤ በአንድ ቅዳሜ ብዙ ልጅ ወደሚያይበት ይሄዳል። ልጅቷ ራሷ ዲቪዚዮን 1 ብላ ከተነሣች፣ እስከ አሥረኛ ክፍል መጨረሻ ድረስ እዚያ መድረክ ላይ መታየት አለባት።

ምክንያቱም የኤንሲኤኤ (የኮሌጅ ስፖርትን የሚመራው ማኅበር) ደንብ የዲቪዚዮን 1 አሠልጣኝ ልጅቷን በቀጥታ እንዲያናግራት የሚፈቅደው አሥረኛ ክፍል ከጨረሰች በኋላ ከጁን 15 ጀምሮ ነው። ለአንቺ ልጅ ጁን 15፣ 2028 ማለት ነው። በዚያ ቀን ስልክ የሚደወልላቸው አስቀድመው የታዩት ናቸው። ትንሿ ልጄ ግን ተቀምጣ ብታይ ኖሮ ኳሱን ትጠላው ነበር፤ እሷን እዚሁ ሰፈር አጫወትናት። ከአንድ ማሕፀን የወጡ ልጆች እንኳ አንድ መንገድ አይሆናቸውም።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወንድሜ አሠልጣኙ፣ የልደት ወሩን ነገር ማንም አልነገረንም ነበር፤ እንዳልከው ባለፈው ፎል ሦስት ወር ቤት ተቀምጣ አልቅሳለች። አንድ ነገር ልጨምር፤ የቅርቡን ብንይዝ የኮሌጅ አሠልጣኝ እንዴት ያያታል? ማንስ ይደውልልናል?

መልስ፦ የቀድሞ ተጫዋች፣ ቦዊ

ሰላም እናቴ። እኔ 24 ዓመቴ ነው፤ ዲቪዚዮን 1 አራት ዓመት ነበርኩ። ስለ ልጅዎ ሳነብ ራሴን ስላየሁ ነው የምጽፈው።

የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ዓመቶቼን ትልቅ ክለብ ውስጥ ተቀምጬ ነው ያሳለፍኩት። ወላጆቼ የሚከፍሉትን ስለማውቅ «ደስ አላለኝም» ማለት አልቻልኩም። እንደ ልጅዎ «እናንተ የወደዳችሁት ይሁን» ነበር መልሴ። በሁለት ዓመት ውስጥ ለአሠልጣኝ የሚላክ የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ የሚሆን ጨዋታ አልነበረኝም። ዝቅ ወዳለ ቡድን ስቀየር ሁሉም አዘነልኝ፤ እኔ ግን በየሳምንቱ 80 ደቂቃ መጫወት ጀመርኩ፤ ኮሌጅ የገባሁትም በዚያ ቪዲዮ ነው። እባክዎ እሷን ለብቻዋ፣ ገንዘብ ሳይነሣ ይጠይቋት። መኪና ውስጥ ጎን ለጎን ሆናችሁ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ፊት ለፊት መናገር ይከብዳል።

ማን ይደውላል ላሉት፣ የምትጽፈው እሷ ናት። እናት ወይም አባት የጻፈውን ኢሜይል አሠልጣኞች ወዲያው ያውቁታል። የተለያየ ዲቪዚዮን ያላቸው ሃያ ያህል ትምህርት ቤቶችን ትምረጥ፤ ቅርቦቹን መርሳት የለባትም፤ ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ሃዋርድ፣ አሜሪካን፣ ታውሰን፣ ጆርጅ ሜሰን ሁሉም የሴቶች ቡድን አላቸው። የኢሜይሉ ርእስ ላይ የምትመረቅበት ዓመት 2030፣ የምትጫወትበት ቦታና ስሟ ይቀመጥ። ውስጡ ስለዚያ ትምህርት ቤት በእውነት የምታውቀው አንድ ነገር፣ ጂፒኤዋ፣ የማልያ ቁጥሯ፣ የሚቀጥለው ጨዋታ ሜዳና ሰዓት። ከጁን 15 በፊት የዲቪዚዮን 1 አሠልጣኝ ባይመልስላትም ያነባል፤ መጥቶም ማየት ይችላል። የዲቪዚዮን 3 አሠልጣኝ ቀድሞም መመለስ ይችላል። ክልላዊ ሊግ ላይ ያሉ ቡድኖችም ኖቬምበር ላይ ወደ ቤተዝዳው ውድድር፣ ማርች ላይ ሪችመንድ ወደሚደረገው የጀፈርሰን ካፕ ሊገቡ ይችላሉ፤ አሠልጣኞች ወደዚያም ይመጣሉ። የቅርቡ ክለብ የትኞቹ ውድድሮች ላይ እንደሚገባ ይጠይቁ።

ለመሃል ተከላካይ ቪዲዮ ላይ ጎል አይፈለግም። አንድ ለአንድ ስትቆም፣ በጭንቅላት ስታሸንፍ፣ ኳስ ይዛ መስመር ሰብራ ስታቀብል፣ ጓደኛዋ ስትሳሳት ከኋላ ስትሸፍን ይታይ። እያንዳንዱ ቅንጥብ ከመጀመሩ በፊት ራሷን በቀስት ታመልክት።

መልስ፦ አባት ከጀርመንታውን

አጭር ነገር። ከትልልቅ ትምህርት ቤቶች «ለካምፓችን ተመርጠሻል» የሚል ኢሜይል ይጎርፍላችኋል። አብዛኛው ለብዙ ሺህ ልጅ የሚላክ ነው፤ ካምፑ የአሠልጣኞቹ ገቢ ነው። አሠልጣኙ ጨዋታዋን አይቶ በስሟ ካልጻፈላት አትክፈሉ። እኛ ደግሞ «ልጃችሁን እናስመለምላለን» ላለ አንድ ድርጅት ከ2,000 ዶላር በላይ ከፍለን፣ ያደረገው አንድ ዓይነት ኢሜይል ለመቶ ትምህርት ቤት መበተን ነበር። የዚያን ጊዜ የልጄን ፊት አልረሳውም።

መልስ፦ አባት ከአሌክሳንድሪያ

አንድ የረሳሁት፤ በዘጠነኛ ክፍል የምትወስደው ትምህርት ከአሁኑ ይቆጠራል። ኤንሲኤኤ ለዲቪዚዮን 1 የሚጠይቀው 16 ዋና ዋና ኮርሶችንና በእነሱ ቢያንስ 2.3 ጂፒኤ ነው፤ አሥሩ ኮርሶች አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከመጀመሯ በፊት ማለቅ አለባቸው። ትምህርት ቤቷ ያስተማረው ሁሉ አይቆጠርም፤ የተፈቀደው ዝርዝር ስላለ ካውንስለሯን (የትምህርት ቤት አማካሪዋን) ጠይቁ። የእኛ ልጅ አንድ ኮርስ ሳይቆጠርላት ቀርቶ በሰመር ደግማለች። ክለቦቹም የክፍያ ድጋፍ አላቸው፤ የገቢ ማስረጃ ይጠይቃሉ። እኛ «ያፍሩብናል» ብለን ሁለት ዓመት ሳንጠይቅ ቀርተናል፤ የጠየቅን ቀን ሲሶው ተቀነሰልን።

ጠያቂዋ፣ ሰኞ ጠዋት

ያደረግነውን ልንገራችሁ። ለትልቁ ክለብ ደወልኩ። አሠልጣኙ ጥሩ ሰው ነው፤ ሳይሸሽግ መለሰልኝ። በአዲሱ የዕድሜ አከፋፈልም ቢሆን በልጄ ቦታ አራት ልጆች አሉ። የሃይስኩል እረፍታቸው በስፕሪንግ ነው፤ በፎል ለትምህርት ቤቷ መጫወት እንደሚከብዳትም ነገረኝ። በሚቀጥለው ዓመት ሙከራ ብትመጣ በደስታ እንደሚያያት ጨመረልኝ።

ቅዳሜ ከልምምድ ስንመለስ፣ የቦዊዋ ልጅ፣ እንዳልሽኝ ልጄን መኪና ውስጥ ጠየቅኋት። ዝም ብላ ቆየችና «መጫወት ነው የምፈልገው፤ ደግሞም ለትምህርት ቤቴ» አለች። ባለቤቴ ከኋላ ተቀምጦ ይሰማ ነበር፤ ቤት እስክንደርስ አልተናገረም። ማታ የቅርቡን ክለብ ፎርም የሞላው እሱ ነው። የክፍያ ድጋፉንም ጠይቀናል። አሠልጣኟ ቡድኑ ኖቬምበርም ማርችም ውድድር እንደሚገባ ነግራናለች፤ ከበላይ ካለው ቡድን ጋር አልፎ አልፎ እንድትለማመድም ተስማምታለች። ነገ ካውንስለሯ ጋ ቀጠሮ አለን።

አሁን የቀረኝ ማክሰኞና ሐሙስ ነው። በጆርጂያ አቬኑ በኩል ወደ ልምምድ የምትነዱ፣ በተራ የምናደርስበት ቤተሰብ ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እኔ ረቡዕና ቅዳሜን እይዛለሁ።