የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ ተነስቶ የሚጫወተው የኮምፒውተር ጨዋታ

የአዘዞዋ፦ ሰላም የጎንደር ሰዎች። ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖታል። ካሜራ ያለው ላፕቶፕ አለ፣ ኢንተርኔቱ ግን አይታመንም። ያገለገለ ኪኔክት (የሰውነት እንቅስቃሴ የሚለይ የጨዋታ ካሜራ) ልግዛ ወይስ ሌላ ዘዴ አለ?

ባለስክራቹ፦ ኪኔክቱን ይተዉት። ቁመቱ አንድ ሜትር ያልሞላን ልጅ አጥርቶ አይለይም፣ ከፊቱም 1.8 ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ይፈልጋል። ትእዛዝ እየደረደሩ ጨዋታ የሚሠሩበትን፣ ስክራች የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አንዴ ያውርዱ፤ ከዚያ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ አማርኛም አለው። ከተጨማሪዎቹ መካከል በካሜራ እንቅስቃሴ የሚለየውን ይክፈቱ። ፕሮግራሙ ሲከፈት የምትታየውን ድመት አጥፍተው ፊኛ ያስገቡ። እንቅስቃሴው ከ30 ሲበልጥ ድምፅ እንዲያሰማ፣ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዘል፣ 1 ሰከንድ እንዲጠብቅ ትእዛዞቹን ይደርድሩ። የፊኛው መጠን 150 ይሁን፤ ካነሰ ሕፃኑ እየሳተ ይሰለቻል። ድምፁን የከበሮ ካደረጉትማ እስክስታው ራሱ ይመጣል።

ቀበሌ 14፦ ፊኛው ማንም ሳይነካው ከዘለለ ክፍሉ ጨልሟል ማለት ነው፤ ካሜራው የምስሉን ብዥታ እንደ እንቅስቃሴ ይቆጥረዋል። መብራት ያብሩ፣ ካልሆነ 30ውን ወደ 45 ያሳድጉ። መስኮቱ ከልጁ ጀርባ አይሁን። ሕፃን ፊኛ ሲያይ ስክሪኑን ሊመታ ነው የሚሮጠው፤ ስለዚህ ላፕቶፑ ከፍ ብሎ ይቀመጥ፣ የቻርጀሩም ገመድ ከመንገድ ይራቅ።

እማማ ጤና፦ የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለሁለት ዓመት ልጅ ተቀምጦ ስክሪን ማየት በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ ይላል፤ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። እንቅስቃሴው ግን በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ ነው። አሥር ደቂቃ ፊኛ፣ ከዚያ ደጅ ኳስ። መብራት ከሄደም ኳሱ አለ።