«ለይስሙላ» እና «በልግመት» ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ጠያቂ፦ በማርመው ሪፖርት ውስጥ እንዲህ የሚል አለ፦ «ኮሚቴው ለይስሙላ ተቋቋመ፤ ስብሰባውም በልግመት ተካሄደ።» ሁለቱንም «ከልብ ባልሆነ መንገድ» ወይም «ከአንገት በላይ» ብዬ ልተካቸው? ደግሞስ ስብሰባ በልግመት ይካሄዳል?

ነቁጥ፦ አይተኳቸው፤ መነሻቸው ላይ ያሉት «ለ» እና «በ» ይለያዩዋቸዋል። ለይስሙላ ዓላማን ይናገራል። ሥራው ተሟልቶ፣ ቃለ ጉባኤው ተፈርሞ ሊያልቅ ይችላል፤ የተሠራው ግን ተሠራ እንዲባል ብቻ ነው። በልግመት አሠራርን ይናገራል፤ አቅም እያለ ጉልበትን መሰሰት ነው። የማይችል አይለግምም። የታመመ በሬ ሞፈር መሳብ ቢያቅተው «ለገመ» አይባልም። «ከአንገት በላይ» ደግሞ ለፍቅር፣ ለሰላምታና ለሐዘን እንጂ ለኮሚቴ ብዙም አይመችም።

ባለግስ፦ ለገመ ከልጓም የወጣ ነው። የለገመ በቅሎ ልጓም እንደገባለት ቆሞ ይቀራል። መዝሙር 31 ቁጥር 9ን ይመልከቱ፤ ልብ የሌላቸው ፈረስና በቅሎ ከነልጓማቸው ተጠቅሰዋል። ልብ የሌለበት ሥራም ልግመት ነው።

ነቁጥ፦ የኔታ፣ ምሥጢሩ ያምራል፤ ግሱ ግን አይፈቅድም። የግእዙ «ለጐመ» ነው፤ በ«ጐ»። አማርኛም ለጎመ፣ ይለጉማል፣ ልጓም ብሎ ድምፁን ጠብቆታል። ለገመ ግን ይለግማል፣ ልግመኛ፣ ልግመት ነው። ያ «ጐ» የት ሄደ?

ባለግስ፦ ግስ የዘለቀ ሰው ፊደል በዘመን ብዛት እንደሚወድቅ ያውቃል።

ነቁጥ፦ ይወድቃል፤ ከአንዱ ወድቆ ከሌላው እንደምን ቀረ? ሁለቱም ቃላት ዛሬም ጎን ለጎን ይነገራሉ።

ሐረግ፦ ለምን ሃኬት አትሉትም? በገብር ኄር እሑድ የሚነበበው የማቴዎስ 25 ክፉ አገልጋይ «ሃኬተኛ» ነው የተባለው።

ነቁጥ፦ እሱ መክሊቱን ቀበረ እንጂ አልነገደበትም። ልግመኛ ይነግዳል፤ በሙሉ ኃይሉ አይነግድም እንጂ። ለመጀመር የሚያቅማማው ደግሞ ዳተኛ ነው። ሦስቱ ደረጃቸው የተለያየ ነው፤ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ላይ ቢምታቱ ሠራተኛው ያላጠፋውን ያስጠይቁታል።

ሐረግ፦ ይስሙላስ? እኔ ከ«ስም» ነው ባይ ነኝ፤ «ለስሙ ያህል» እንደምንለው።

ባለግስ፦ «ይ» በስም ላይ አይገባም፤ የግስ ነው። ለይምሰል ከመሰለ «ይምሰል» እንደመጣ፣ ይህም ከሰማ «ይስሙ» ነው፤ ሰዎች ይስሙ ማለት።

ሐረግ፦ እሺ፣ መጨረሻው ላይ ያለው «ላ»ስ?

ባለግስ፦ «ይስሙልኝ» ተቆርጦ ይመስለኛል።

ነቁጥ፦ ከተቆረጠ «ይስሙል» ይሆን ነበር። «ላ»ን ያመጣው ምንድን ነው?

ጠያቂ፦ ስብሰባውስ?

ባለግስ፦ ቆይ፣ «ላ»ን እንጨርስ። «እንግዲህላ»፣ «አንተላ» ስንል የምንጨምረው «ላ» ሊሆን አይችልም?