ተንደርቦልት ብርሃን ነው ወይስ መዳብ? ዲስኮቼን 15 ሜትር ላርቅ ነው

ጠያቂ (ከዚራ፣ ድሬዳዋ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከዚራ ትንሽ የሠርግ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ቤት አለችኝ። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። የዲስኮቹ ሙቀት ሲጨመርበት ክፍሌ ምድጃ ሆነ። ኤሲ ወዳለው የኋላ ክፍል ላዛውራቸው አስቤያለሁ። 15 ሜትር ይርቃል። ላፕቶፔ ተንደርቦልት 3 (ዲስክና ስክሪን የሚሰካበት ፈጣን መሰኪያ) አለው። ተንደርቦልት በብርሃን ይሠራል ሲባል ሰምቻለሁ፤ የእኔ ገመድ ግን ግማሽ ሜትር ናት። ረጅሙን ልዘዝ? ዲስኮቹ ዩኤስቢ ሲ ናቸው፤ ኃይል የሚያገኙት ከላፕቶፑ ነው።

የሳቢያን ልጅ፦
እህቴ፣ የሰማሽው ከመሬት የተነሳ አይደለም። ኢንቴል በፈረንጆቹ 2009 ሲያሳየው ስሙ ላይት ፒክ ነበር። በብርሃን ነበር የሚሠራው፣ በሰከንድ 10 ጊጋቢት። በ2011 ማክቡክ ፕሮ ላይ ተንደርቦልት ተብሎ ሲወጣ ግን በመዳብ መጣ። መዳብ ይረክሳል፣ ኤሌክትሪክም ያደርሳል። ርቀቱ ግን 3 ሜትር ላይ ቆመ። ኋላ ኮርኒንግ የተባለው የመስታወት ኩባንያ እስከ 60 ሜትር የሚሄድ የብርሃን ገመድ አወጣ። ችግሩ፣ እሱ ለዲስክ ኃይል አያደርስም። የአንቺዎቹ አይነሱም።

ኔትወርክ ዘርጊ (ሐረር)፦
እባክሽ ገንዘብሽን አታውጪበት። አሮጌ ዴስክቶፕ ካለሽ ኋላ ክፍል አስቀምጪው፣ ዲስኮቹን እሱ ላይ ሰክተሽ ሼር አድርጊያቸው። ኃይሉንም ከዚያው ያገኛሉ። በመሃል ካት 6 የሚባለውን የኔትወርክ ገመድ ዘርጊ። ጊጋቢት ኔትወርክ 100 ሜትር ድረስ ይሄዳል፤ በሰከንድ 110 ሜጋባይት አካባቢ ታገኛለሽ። ለፉል ኤችዲ ሠርግ ይበቃል። ብዙ ካሜራ ፎርኬ አንድ ላይ የምትቆርጪ ከሆነ 10 ጊጋቢት የኔትወርክ ካርድ ይጨመር፤ ለ15 ሜትር ያው ካት 6 ይችለዋል።
ፋይበር (የብርሃን ገመዱ) ደግሞ ውስጡ መስታወት ነው። ጀጎል ውስጥ ወፍራም ግድግዳ አሳልፌ ጥግ ላይ አጥብቄ ሳጥፈው ተሰብሮብኝ ሙሉውን እንደገና ዘርግቻለሁ። እስካሁን ይቆጨኛል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ዴስክቶፕ አለኝ። ላፕቶፔ ግን የኔትወርክ ቀዳዳ የለውም።

ኔትወርክ ዘርጊ (ሐረር)፦
ከዩኤስቢ ሲ ወደ ኔትወርክ የሚቀይር አዳፕተር ግዢ። ዩኤስቢ 3 መሆኑን አረጋግጪ። ዩኤስቢ 2 ከሆነ ከ480 ሜጋቢት አያልፍም፤ ጊጋቢት ማለት 1000 ሜጋቢት ስለሆነ ግማሹን ፍጥነት ትከስሪያለሽ።

የአዳራሽ ስክሪን ሠራተኛ፦
የብርሃን ገመድ የሚያዋጣው ለእኛ ነው። ለሠርግ አዳራሽ 30 ሜትር ኤችዲኤምአይ (የምስል ገመድ) ስንስብ መዳቡ ምስል ያቋርጥብናል። ፋይበሩ ግን አቅጣጫ አለው። ሶርስ የሚለው ጫፍ ላፕቶፑ ላይ፣ ዲስፕሌይ የሚለው ስክሪኑ ላይ። ከተገለበጠ ምስል የለም። ጣሪያ ውስጥ ከመቅበራችሁ በፊት መሬት ላይ ሞክሩት።

ጠያቂ፦
ነገ ካት 6 እገዛለሁ። በበሩ ዞሮ ስለሚሄድ 20 ሜትር አደርገዋለሁ።