ባዶሊዮ እንዴት ሳይጠየቅ ቀረ? ጣሊያን በጦርነቱ መሀል ጎራ ስለመቀየሯ

የአዳማዋ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ፍራንኮ አካባቢ ቡና እየጠጣን የአምስቱ ዓመት ወረራ ወሬ ተነሳና ከጓደኞቼ ጋር ተጨቃጨቅን። ማርሻል ባዶሊዮ ማለት ያ የመርዝ ጋዝ ያዘነበብን፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሩን ይዞ አዲስ አበባ የገባው ሰውዬ ነው አይደል? ታዲያ ይኸው ሰውዬ ኋላ የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ፣ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጋር ታርቆ፣ ጀርመን ላይ ጦርነት አውጇል ሲሉኝ ማመን አቃተኝ። እኛም እኮ ያኔ ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ጎን ነበርን። ስለዚህ ባዶሊዮ ከእኛው ወገን ሆነ ማለት ነው? ለፍርድስ ለምን አልቀረበም? "ፖለቲካ ነው" ብላችሁ ብቻ እንዳታልፉኝ፣ የምታውቁ በደንብ አስረዱኝ።

የታሪክ መምህር፦
እህቴ፣ አዎ፣ ሰውዬው ራሱ ነው። ግን ነገሩ እንዲገባሽ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብን። (ለውጭው ታሪክ የፈረንጁን አቆጣጠር እጠቀማለሁ፣ የእኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።)

ሙሶሊኒና ሂትለር ከመጀመሪያው ወዳጆች አልነበሩም። በ1934 የኦስትሪያው መሪ ዶልፉስ በናዚዎች ሲገደል ሙሶሊኒ ጦሩን ወደ ኦስትሪያ ድንበር አስጠጋ፤ ሂትለርን ለማስፈራራት ነው። በሚያዝያ 1935 ደግሞ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ስትሬዛ በምትባል የጣሊያን ከተማ ተገናኝተው ጀርመንን በጋራ ለመግታት ተስማሙ። እኛን የጎዳን ይሄ ስምምነት ነው። ሙሶሊኒ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲወረን እንግሊዝና ፈረንሳይ ሊያስቀይሙት አልፈለጉም። የመንግሥታቱ ማኅበር ማዕቀብ ጣለ፣ ነዳጅን ግን አልጨመረም። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም። የጣሊያን ወታደርና ጥይት የሚመጣው በዚያ ቦይ ነበር፣ ያውም በእንግሊዝ ዓይን ስር። በዚያ ሰዓት በድብቅ ጠመንጃ የሰጠን ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ጀርመን። ሂትለር ለእኛ አዝኖ አይደለም፤ ሙሶሊኒ እዚህ ተጠምዶ ኦስትሪያን እንዲተውለት ነው።

ወረራው ካለቀ በኋላ ሁሉም ተገለባበጠ። ጣሊያንና ጀርመን በ1936 መጨረሻ ገደማ ወዳጅ ሆኑ። እንግሊዝ ሙሶሊኒን ከሂትለር እነጥላለሁ ብላ በ1938 የጣሊያንን ንጉሥ "የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት" ብላ እውቅና ሰጠች። አርበኞቻችን ጫካ ለጫካ እየተዋጉ፣ የእኛ ንጉሥ ኃይለ ሥላሴ እዚያው እንግሊዝ አገር በስደት ተቀምጠው እያለ ማለት ነው። ሙሶሊኒ ግን አልተነጠለም፤ ሰኔ 10 ቀን 1940 ፈረንሳይ ልትወድቅ ስትል እንግሊዝና ፈረንሳይ ላይ ጦርነት አወጀ። እንግሊዝ ያኔ ነው ንጉሡ ትዝ ያሏት። በሳምንታት ውስጥ ወደ ካርቱም አመጣቻቸው።

ባቡር ጣቢያ፦
መምህር፣ እግዜር ይስጥልን፣ ጥሩ አድርገህ አስረድተሃል። ልጄ፣ እኔ ደግሞ ያንቺው ከተማ ሰው ነኝና ስለ መንገዱ ትንሽ ልጨምርልሽ። በደቡብ በኩል የመጣው የእንግሊዝ ጦር በየካቲት 1941 ሞቃዲሾን ያዘ። ከዚያ ጅጅጋ፣ ሐረር፣ ድሬዳዋ እያለ የባቡሩን ሐዲድ ተከትሎ ወደ አዋሽ ወረደ። ጣሊያን የአዋሽን ድልድይ አፍርሶ ሸሸ፤ ጦሩ ግን ወንዙን ተሻግሮ በእኛው በአዳማ በኩል አልፎ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። "እንግሊዝ" እንላለን እንጂ ሐረርን የያዙት ናይጄሪያውያን ናቸው፣ በዚህ መስመር ኬንያውያንም ጎልድ ኮስቶችም (የዛሬዎቹ ጋናውያን) ደቡብ አፍሪካውያንም ነበሩ። በሰሜን ከረን ላይ ያለቀው ሕንዳዊ ብዙ ነው። ደምቢዶሎ ላይ የጣሊያኑን ጄኔራል ያስማረከው ደግሞ ከቤልጂግ ኮንጎ የመጣ ጦር ነው። አገራቸው በቅኝ ግዛት ተይዞ የሌላውን ነጻ ለማውጣት የሞቱ ሰዎች ናቸው። ስማቸውን የሚያነሳላቸው ሰው ማጣታቸው ሁሌም ያሳዝነኛል።

አርበኛን ያስቀደመ፦
ሁሉም ጥሩ ነው፣ ግን "እንግሊዝ ነጻ አወጣችን" የምትለዋን ነገር አልቀበልም። ጣሊያን ጦሩን ሁሉ ድንበር ላይ ማሰለፍ ያልቻለው እኮ ጎጃም ላይ እነ በላይ ዘለቀ፣ ሸዋ ላይ እነ አበበ አረጋይ አላስቀምጥ ስላሉት ነው። ንጉሡ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. የሱዳን ድንበር ላይ ባለችው ኦሜድላ ባንዲራ ሲሰቅሉ አብሯቸው የገባው ጦር ትንሽ ነበር፤ ጎጃም ውስጥ የጠበቃቸው የታጠቀ ሕዝብ ነው። እንግሊዝም ከገባች በኋላ ቶሎ አልወጣችም። ከእኛ ጋር የተፈራረመችውን የ1942ቱን ውል አንብቡ። አማካሪውም፣ ፖሊሱም፣ ባቡሩም በእጇ ነበር፤ ኦጋዴንን ጨርሳ የለቀቀችው በ1950ዎቹ ነው። ንጉሡ በየካቲት 1945 ግብፅ ድረስ ሄደው መርከብ ላይ ከሩዝቬልት ጋር የተገናኙት በከንቱ አይደለም። ከእንግሊዝ የሚያላቅቃቸው ሌላ ወዳጅ መፈለጋቸው ነበር።

የአዳማዋ ልጅ፦
ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ፣ ጋሼንም ጭምር። ናይጄሪያውያን በዚህ ማለፋቸውን ፈጽሞ አልሰማሁም ነበር። ግን የባዶሊዮን ነገር ገና አልነገራችሁኝም።

የታሪክ መምህር፦
እሺ፣ አሁን ወደ እሱ ልምጣ። በሐምሌ 1943 የእንግሊዝና የአሜሪካ ጦር ሲሲሊ ሲገባ የጣሊያን ንጉሥ ሙሶሊኒን አሰረና ባዶሊዮን ሾመ። ባዶሊዮ ለሂትለር "አብረን ነን" እያለ በጓዳ ከተባባሪዎቹ (ከእነ እንግሊዝና አሜሪካ) ጋር ይደራደር ነበር። የተኩስ ማቆም ስምምነቱ መስከረም 3 ቀን በምስጢር ተፈረመ፣ መስከረም 8 ቀን ይፋ ሆነ። ጀርመን ሮምን ልትይዝ ስትመጣ እሱና ንጉሡ ወታደራቸውን ያለ በቂ ትእዛዝ ጥለው ወደ ብሪንዲዚ ሸሹ። ጥቅምት 13 ቀን ጀርመን ላይ ጦርነት አወጀ።

ለጥያቄሽ፣ ጣሊያን "ተባባሪ" አልተባለችም፣ "አብሮ ተዋጊ" ነው የተባለችው። ኢትዮጵያ ግን ከ1942 ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታትን መግለጫ የፈረመች ሙሉ አባል ነበረች። በወረቀት ላይ ልዩነት አለው። በተግባር ግን ባዶሊዮ ለእንግሊዝና ለአሜሪካ የሚጠቅም ሰው ሆነ፣ የሚጠቅምን ሰው ደግሞ ማንም ችሎት አያቀርብም። በ1943 የተቋቋመው የጦር ወንጀል ኮሚሽን በ1935 እና 36 የተፈጸመውን ማየት አልፈለገም፤ እሱ የሚመለከተው ከ1939 ወዲህ ያለውን ነው ተባለ። ቆዳ የሚልጥ ፈሳሽ ከአውሮፕላን በባዶ እግሩ በሚዘምት ሠራዊት ላይ፣ በወንዝና በከብት ላይ የተረጨው ከዚያ በፊት ነዋ! ጣሊያን ጋዝ የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት የፈረመች አገር ናት። በዚህ ጉዳይ ላይ ለዘብ ብዬ መናገር አይሆንልኝም።

በ1947 የፓሪስ የሰላም ውል ላይ ግን አንድ ትልቅ ነገር ተገኘ። አንቀጽ 38 ለኢትዮጵያ ሲሆን ውሉ ከጥቅምት 3 ቀን 1935 ጀምሮ ይሠራል ይላል። የእኛ ጦርነት የዓለም ጦርነት አካል መሆኑ በውል ተጻፈ ማለት ነው። መንግሥታችን በዚህ ተበረታቶ ክሱን ገፋበት፣ በ1948 ኮሚሽኑ ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ጨምሮ የተወሰኑ ጣሊያኖች ሊከሰሱ እንደሚገባ ተቀበለ። ጣሊያን አሳልፋ አልሰጠችም። እንግሊዝም ክሱን አልደገፈችም። በ1949 ጣሊያን የምዕራባውያኑ የጦር ኅብረት ኔቶ ውስጥ ገባች፣ በቃ፣ ፋይሉ ተዘጋ። ባዶሊዮ በ1956 በትውልድ መንደሩ፣ በቤቱ ሞተ።

ባቡር ጣቢያ፦
ያው የፓሪሱ ውል 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ፈርዶልናል። ገንዘቡ በብዙ ክርክር ተቀንሶ ነው የመጣው። ከአዳማ ብዙም የማይርቀው የቆቃ ግድብ በ1960 ተጠናቆ የተመረቀው በዚያ ካሳ ነው። ቆቃ ዓሣ ልትበሉ የምትሄዱ ልጆች ይህንን እወቁ።

የአዳማዋ ልጅ፦
ቆቃን በዚህ አላውቀውም ነበር! ግራዚያኒስ? የየካቲት 12 ደም በእጁ ያለው እሱ ነው። እሱም አልታሰረም?

የታሪክ መምህር፦
ታስሯል፣ ግን በእኛ ጉዳይ አይደለም። ባዶሊዮ ጎራ ሲቀይር ግራዚያኒ ከሙሶሊኒና ከጀርመን ጋር ቀረ። በ1950 የጣሊያን ወታደራዊ ፍርድ ቤት ከጀርመን ጋር በመተባበሩ 19 ዓመት ፈረደበት፣ በወራት ውስጥ ተለቀቀ። የአዲስ አበባው ጭፍጨፋ በዚያ ችሎት ክስ ሆኖ አልቀረበበትም።